እግርሽ ስር ያለው ብረት

ውድ ኮሪን፣

ስልክ አታነሺም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ሳትጨርሺው አትቅደጂው፤ ከጨረስሽው በኋላ የራስሽ ጉዳይ ነው።

እሑድ ዕለት በመኪና ውድድሩ ሜዳ ሰው ፊት ስለጮህኩብሽ ተቀይመሻል። ሰው ሁሉ የጮህኩት በመሸነፌ ይመስለዋል። አስተዋዋቂው ሮስኮ በድምፅ ማጉያው፣ ባወጣልኝ ቅጽል ስም፣ «ፕሮፌሰሩን ልጃቸው አስተማረቻቸው! ኧረ ለአባባ ውሃ አቀብሏቸው!» ሲል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ከበቆሎው ማሳ ማዶ ያሉት ገበሬዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ይሳቁ። ያሸነፍሽኝ በትክክል ነው። ጎን ለጎን ቆመን አረንጓዴው መብራት ሲበራ ቀድመሽኝ ወጣሽ፤ እስከ መጨረሻው አልደረስኩብሽም።

ያናደደኝ አወጣጥሽ ነው። እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ በአንዴ አነሳሽው። ያስተማርኩሽ እንደዚያ አይደለም። የሞተሩን ዙር ያዢ፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ እስኪጀምር ድረስ ፔዳሉን ልቀቂ፤ መኪናው ሊዘል እንዳለ ድመት ዝቅ ሲል ወገብሽ ይነግርሻል። መብራቱ ሲበራ የመጀመሪያዋን የመኪና ቁመት ያህል እያንሸራተትሽ ውጪ፤ ከዚያ ጨርሰሽ ልቀቂው። ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ስንቴ ነው ይህን ያልኩሽ? ያኔም ትስቂ ነበር። «አባዬ፣ ፍሪሲዮን ስትለቅ እኮ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ የምታስቀምጥ ነው የምትመስለው» ትዪኛለሽ። አዎ! እንደዚያ ነው የሚለቀቀው!

«ጎማዬ ይይዛል እኮ» አልሽኝ። ችግሩ እሱ ነዋ! ጎማው ቢንሸራተት የአወጣጥሽ ምት ጭስ ሆኖ ይወጣ ነበር። አዲሱ ጎማሽ ግን አስፋልቱን እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ምቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ብረቱ ላይ ያርፋል። ካምቢዮ ቢሰበር ግድ የለኝም፤ ካምቢዮ ይገዛል።

ከውድድሩ በኋላ አንቺ ከጓደኞችሽ ጋር የተጠበሰ የቦሎኛ ቋሊማ ሳንድዊችሽን ስትበዪ፣ መኪናሽን ከመንገድ ላነሳልሽ ገባሁ። አስነስቼ ፍሪሲዮኑን ስረግጠው ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ። ዙር ስጨምር ባሰበት። ወርጄ ጠራሁሽ።

«ቮላኖው ከየት የመጣ ነው?»

«ከመኪናው ጋር የመጣው ነዋ።»

«ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተቀየረም?»

«ምን ሆነና ይቀየራል?»

«ይንቀጠቀጣል፣ ኮሪን!»

«ያረጀ መኪና ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ አባዬ። ያረጀ ሰውም እንደዚያው።»

ጓደኞችሽ ሳቁ። የጮህኩት ያን ጊዜ ነው።

ቮላኖው ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከር፣ ፍሪሲዮኑ የሚጣበቅበት ከባድ ክብ ብረት መሆኑን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ያንቺው ሰውን ሥራ አድርሶ ለሚመልስ መኪና የተሠራ መሆኑን ነው። አንቺ መነሻው መስመር ላይ በደቂቃ ስድስት ሺህ ዙር ታስጮኺዋለሽ። ጨዋነትሽ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ወደ መስመሩ ተጠግተሽ የመጀመሪያዋን የመሰለፊያ መብራት ካበራሽ በኋላ፣ ተጋጣሚሽ የራሱን እስኪያበራ ወደፊት ገፍተሽ ሁለተኛዋን አትነኪም። ደግ አደረግሽ፤ የሜዳው ወግ ነው። ግን ሌላው ሰው ዙሩን አውርዶ ነው የሚጠብቀው፤ አንቺ ግን ነዳጁን እንደረገጥሽ ትጠብቂያለሽ። እሑድ ዕለት እኔን በጨዋነት ስትጠብቂ ያ ብረት እግርሽ አጠገብ ይጮህ ነበር።

መንቀጥቀጡ የስንጥቅ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያ ብረት በዚያ ዙር ላይ ከተሰነጠቀ ይበተናል። ቁርጥራጩ የመኪናውን ወለል እንደ ካርቶን በስቶ ይወጣል፤ የሚወጣውም ፔዳሎቹ ባሉበት ነው። እግሮችሽ ባሉበት።

ከውድድር በፊት መኪና ለሚመረምሩት ፈታሾች ስለነገርኳቸው የእኛ ሜዳ አያሳልፍሽም። ቅዳሜ ወደ ሌላኛው አውራጃ ልትሄጂ መሆኑን ሰምቻለሁ። እዚያ ያለው ፈታሽ መስኮትሽ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም የተወዳዳሪ ቁጥር ይጽፍልሽና «እለፊ፣ የኔ ቆንጆ» ይልሻል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከወንበሩ እነሳለሁ። ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ጋራዥ እየገባሁና እየወጣሁ ነው፤ የቅባቱ አሻራ ከዚያ የመጣ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰማያዊዋን መኪናዬን ወደ ላይ አነሳኋት። ካምቢዮዋን አወረድኩ፤ ቮላኖዋን ፈታሁ። ለውድድር ተብሎ ከጠንካራ ብረት የተቀጠቀጠ ነው፤ ቢበተን እንኳ ቁርጥራጩን የሚያስቀር ወፍራም የብረት ሽፋንም አለው፤ እሱንም አወጣሁት። መኪኖቻችን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቱም ይገጥሙልሻል። የእኔዋ የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘንድሮ አልወዳደርም። ሮስኮ ሰምቶ «ልጅህ እንዳትደግምህ ፈርተህ ነው» አለኝ። ምን እንደመለስኩለት እዚህ አይጻፍም።

ዓርብ ከሥራ ስትመለሺ ፒክአፔ የጋራዥሽ በር ላይ በአግድም ቆሞ ታገኚዋለሽ። መኪናሽን ማውጣት አትችዪም። ዕቃው ከኋላ ተጭኗል፤ ክሪኩም፣ መፍቻውም። ብትሰድቢኝም፣ ፖሊስ ብትጠሪም ቁልፉን አልሰጥም። ከገጠምነው በኋላ ቅዳሜ ሂጂና እግርሽን እንደፈለግሽ አንሺው። አወጣጥሽ አሁንም አስቀያሚ ነው፤ ግን አፌን ይዤ አያለሁ።

ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ አታናግሪኝ። መኪናው ስር ግቢና እጅሽን ብቻ ዘርጊ፤ የትኛው መፍቻ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ።

አባትሽ፣
ሃርላን