ለመሸበት የሚነጠፍ አልጋ

ውድ ወንድሜ ዘሥላሴ፣

ከአንኮበር ብርድና ከእማዬ ምርቃት ጋር ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሳሌምና ልጃችሁ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርሁህ ስልኩ ሁልጊዜ እማዬ ጆሮ ላይ ስለሆነ ነው፤ ደብዳቤውን ወደ ኬፕታውን ለምትመጣው ለአክስታችን ልጅ ለዝናሽ ሰጥቻታለሁ።

የአባባን ቤት ሆስቴል እንዳደረግሁት ታውቃለህ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ገብተዋል፤ የሆቴል ዋጋ የከበደው መንገደኛ በትንሽ ብር ያድራል። ጉሙ ከቆላ ሲወጣ ቤቱ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ተማሪው፣ ፈረንጁ፣ ወደ ገዳም የሚሄደው፣ የማይተዋወቀው ሰው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ሲተነፍስ ስሰማ፣ እኔም ከዚህ ሳልነቃነቅ ያላየሁትን አገር ሁሉ የዞርሁ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል፣ ወንድሜ።

ችግሩ እማዬ ናት። በቀን ከመጣ እንግዳ ገንዘብ ብቀበል ግድ የላትም። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የደረሰ ግን የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው ትላለች፤ አታስከፍልም፤ ጭራሽ እግሩን ካላጠብሁ ብላ ትታገላለች። ወሬው በመንገደኛው ዘንድ ተዛመተ። አሁን ከሰዓት የደረሱት እንኳ ሻንጣቸውን ከአጥራችን ውጭ አስደግፈው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የፀሐይዋን መግባት ይጠብቃሉ። ከጀርባችን ስትገባ የተራራው ጥላ ቀስ እያለ እስከ አሊዩ አምባ ይወርዳል፤ እኔም ንዴቴን ረስቼ አብሬያቸው አያለሁ። ከዚያ እነሱ «ቤቶች፣ መሸብን» ይላሉ፣ እማዬ «ቤት ለእንግዳ» ትላለች፣ የእኔ ሒሳብ እዚያው ያልቃል።

እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን ዘግቼ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ መግባቴ ነው፤ እማዬም ብቻዋን ልትቀር ነው። ያንተን ቃል ትሰማለችና ምከርልኝ ልልህ ነበር የተነሣሁት።

ትናንት ግን ይህንኑ ስነግራት የእንግዳ ትራስ እያስተካከለች፣ «ዘሥላሴን ታሞ ሳለ ያስገባችው ሴት አስከፈለችው እንዴ?» አለችኝ። ስትሰደድ ሞያሌን አልፈህ፣ ሰው አገር መንገድ ላይ ወድቀህ ያስታመመችህን ሴት ማለቷ ነው። ለካ አንድም ቀን አልረሳቻትም። ለመሸበት ሁሉ አልጋ የምታነጥፈው ለእሷ ውለታ ነው። ወጥቼ አለቀስሁ።

ስለዚህ ምከርልኝ ማለቱን ትቼዋለሁ። ከእንግዲህ ቀን ቀን ጎረቤላ መናኸሪያ እየወረድሁ፣ ጀምበር ሳትቀድመኝ እንግዶቼን ይዤ እመጣለሁ። እግሬ ከፀሐይ ይፈጥን እንደሆነ እናያለን። አንተ ግን የሴትዮዋን ስም ላክልን፤ እማዬ በጸሎቷ ሁልጊዜ «ያቺ ሴት» እያለች ማንሣቱ ከብዷታል።

ሳሌምንና ልጃችሁን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ አማረች እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። እማዬም ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትላለች። ለዚያችም ሴት ሰላምታ ጻፊልኝ ብላኛለች፤ የት እንደሚደርሳት ባላውቅም ይኸው ጽፌዋለሁ።

እህትህ ይመኙሻል
አንኮበር፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.