ልጄን ከወይዘሮ አስመረት መስመር ላሰለፉልኝ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ ላጲሶ፣
የልጄ የዳናይት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ መምህራኑስ እንደምን አሉ? እኔ ቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ባለችው ባለ ሦስት መኪና ስፌት ቤት የሚያውቁኝ ትብለጽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቅናት በስተቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጌ በግልጽ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። የእኔም የሥራ ቤት ገበና በዚሁ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ስለከረመ፣ ቦታውን እንደ ራሴ ቤት ለምጄዋለሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ዳናይት ክረምቱን በወይዘሮ አስመረት ስፌት ቤት የሥራ ልምምድ እንድታደርግ ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ ልከውልኛል፤ እስከ ዓርብ ካልፈረምኩም ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እስክሪብቶውም አጠገቡ ነው፣ እጄ ግን እምቢ ብሎኛል። ለምን እምቢ እንዳለኝ በተራ በተራ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች «የሰው ኃይልና የአሠራር ዘዴ» የሚለውን ምዕራፍ በዓይናቸው አይተው እንዲማሩ በማሰብ፣ አርባ ሁለት ልጆች በአውቶቡስ ጭነው ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ ወደ ወይዘሮ አስመረት ዘንድ በመውሰድዎ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ልጆቹ ዩኒፎርም እንዴት እንደሚሰፋ ሊያዩ ሲሄዱ፣ ከመካከላቸው ሠላሳ የሚሆኑት የለበሱት እኔ የሰፋሁትን ዩኒፎርም ነበር። ከትምህርት ቤትዎ በር እስከ እኔ ደጃፍ በእግር ስድስት ደቂቃ ስለሆነ አውቶቡስ አያስፈልግም ነበር፤ ምን ይደረጋል፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ምዕራፍ የሚያስተምሩት መምህር እዝራ በወይዘሮ አስመረት ቤት ሃያ አራት ሴቶች ተደርድረው አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ አንዷ እጅጌ ብቻ፣ አንዷ ቁልፍ ብቻ ስለምትሠራ ሥራው እንደሚፈጥን ለማስረዳት ሦስት ክፍለ ጊዜና አንድ ፕሮጀክተር እንደፈጀባቸው ሰምቼ ልፋታቸውን አድንቄያለሁ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውት ነበር፤ እርግጥ ፕሮጀክተር አልነበራቸውም። እኔ ዘንድ የሺአረግ የጀመረችውን ቀሚስ የሺአረግ ትጨርሰዋለች። አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስትሠራ፣ ስፌቱ ቢተረተር ማንን እንደምጠይቅ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ይህ አሠራር በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንዳለው ልጄ ነግራኛለች፤ ጉድለቶቹ ሁለት ገጽ ተኩል፣ ጥቅሙ ሦስት መስመር ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎቹ አንድ ጠንካራና አንድ ደካማ የሥራ ቦታ እንዲያወዳድሩ በታዘዙ ጊዜ፣ ልጄ ጠንካራውን ሩዋንዳ አገኘች፤ ደካማውን ለመፈለግ ግን ከቤት መውጣት አላስፈለጋትም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ ስትቀመጥ ጨዋታ ላይ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰዓት እየያዘችብኝ ኖሯል። «የድርጅቱ ባለቤት መቀስ ስትፈልግ ስድስት ደቂቃ አባክናለች፤ መቀሱ አንገቷ ላይ ነበር» ብላ ጽፋለች፤ እውነት ነው፣ አልክድም። «ከደንበኛ ጋር ከሥራ ውጭ የሆነ ወሬ፣ ዘጠኝ ደቂቃ» ያለችው ግን ልክ አይደለም። ያቺ ስሟን የማልጠራት እናት የምትነግረኝ የልጇ ክንድ በእሳት ተቃጥሎ ጠባሳ እንደተወበት፣ ልጅቷም ሰው እንዳያይባት እንደምትሸማቀቅ ነበር። ያንን ዘጠኝ ደቂቃ ብቆጥብ ኖሮ ልጅቷ በአጭር እጅጌ ትምህርት ቤትዎ ትመጣ ነበር። ሪፖርቱ ሃያ ከሃያ አግኝቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የወላጆች ቀን የመጣው ሰው ሁሉ እያነበበ ዘወር ብሎ አየኝ፤ እኔም እንደ ኩሩ እናት ፈገግ አልኩ።

አራተኛውን አቤቱታ በእርስዎ ላይ ለማሳበብ ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። እኔና አስመረት የጀመርነው በአንዲት መኪና ነው፤ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እኔ። እሷ ሠርታ እንጂ ማንንም ገፍታ አላደገችም፤ ይህን ስጽፍ አፌን እየመረረኝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ክር ልገዛ ነው ብዬ የሺአረግን ዋሽቼ ሩዋንዳ ሄድኩና ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ነው። ሴቶቹ ወገብ የሚደግፍ ወንበር አላቸው። የሺአረግ ከምሳ በኋላ ወገቧን እያሸች የምትቀመጥበት በርጩማ ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ ያፈርኩትን ያህልም ቀናሁ። ቢሆንም ወንበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበደኝ። ልጄ ባለፈው እራት ላይ «ማሚ፣ አስመረት እኮ ሲስተም አላት፤ አንቺ ግን በቃ፣ ትሰፊያለሽ» አለችኝ። አስመረት ሲስተም ስላላት አልቀናሁባትም፣ ክቡርነትዎ። የቀናሁት ልጄ ስሟን ስትጠራ ዓይኗ እንደዚያ ስለሚበራ ነው፤ እኔን ስታይ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።

ይህንንም ቢሆን ውጬ እፈርም ነበር። ነገር ግን በቅጹ ላይ «የተማሪዋ የሥራ ልምድ» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ልጄ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ «የለኝም» ብላ ሞልታዋለች። ዳናይት ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የቁልፍ ጣሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትተክል ያደገች ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሸሚዝ ትዘመዝም ነበር። አምና ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የሺአረግ ታማ በተኛች ጊዜ አሥራ ሰባት ጉርድ ብቻዋን ሰፍታ አስረክባለች። መምህር እዝራ የእኔን ደቂቃ እንድትቆጥር በሚገባ አስተምረዋታል፤ የራሷን ዓመታት መቁጠር ምናልባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ይሆናል ብዬ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ያም ሆኖ እስከዚህ ጽፌ ስደርስ እጄ እሺ አለኝ፤ ቅጹን ዛሬ ፈርሜ ልኬልዎታለሁ። የጻፈችውን አልሰረዝኩትም፤ የጻፈችው እሷ ስለሆነች የምትሰርዘውም እሷ ናት። አስመረት ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ ልጄ ከእሷ ዘንድ የማላውቀውን ነገር ተምራ ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ ወደ እኔ ሳትመለስ ብትቀር ግን እንደማልችለው እርስዎም ይወቁልኝ።

ዕውቀትን ከደጃፋችን አንስተው በአውቶቡስ ሩቅ ለሚያደርሱልን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የማይቋረጥ ጤና እየተመኘሁ፣ ኋላ ቀር ሆኜ ነገር ግን በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዳናይት እናት፣
ትብለጽ ሃይለኣብ
በሪፖርቱ መሠረት «ደካማው የሥራ ቦታ»፣ ቦሌ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ለምረቃው በዓል እንዲስተካከልልዎ ማንም ሳያይ በጥበቃው እጅ የላኩልኝ ኮት ደርሷል። ግራ ትከሻዎ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ስለሚል ተደርድረው የሰፉት ኮት እንደማይሆንዎ እስከ ዛሬ ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ትከሻውን ፈትታ መልሳ የገጠመችው ዳናይት ናት። እንግዲህ የሥራ ልምድ የሌላት ልጅ ስለሠራችው፣ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሰው ኃይል ሲናገሩ እጅዎን ከፍ ባያደርጉ ይሻላል።