የታላቶ ክንድና የሱሚትራ ምድጃ

የካቲት 2
ከዋጋዱጉ ወደ ጎዲን መንደር። ሙቀት፣ አቧራ፣ የተነፈሰ ጎማ... እንደ ሁልጊዜው።

ሱሚትራ ከሕንድ ይዛው የመጣችው ምድጃ በየቤቱ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። እኔ አስተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። "ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን።" ሁሉም ቤት ያው መልስ! ታላቶ የምትባል ሴትም በዚያ ሙቀት ሻርፕ ተከናንባ "እንጨት በግማሽ ቀነሰልን፤ ይባርክዎት" አለቻት። ሱሚትራን ደስታ ሊያፈነዳት ነው። የሁለት ዓመት ልፋቷ አይደል? በወሩ መጨረሻ የቡርኪና፣ የሕንድና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ተሰብስበው ያጸድቁታል። ከዚያ ወደ ፋብሪካ... ከገባ ወዲያ ቅርጹ አይነካም።

የካቲት 4
ሁለት ወር የነደደ ምድጃ ጥላሸት አያውቀውም? ሁሉም አዲስ ናቸው። ለምን?

የካቲት 7
ብቻዬን በሞተር ሳይክል ተመለስኩ። ለሱሚትራ አልነገርኳትም። የፕሮጀክቱን ሸሚዝ አውልቄ፣ ሳሞነቴን ብቻ ይዤ። እኛ የሳሞ ጎሳ ልጆች ከመንደሩ ሞሲዎች ጋር ስንገናኝ አሽከሬ፣ ውሻ በላ እየተባባልን መሰዳደብ ወጋችን ነው፤ የሚቀየም የለም።

ታላቶ ከሩቅ አየችኝ።
"ውይ፣ አሽከሬ መጣ! ዛሬ ደግሞ የማንን ውሻ ልትበላ ነው?"
"የአንቺን። ግን ምን ሥጋ አለው? ሞሲ ውሻውን መቼ አብልቶ ያውቃል!"
ሳቀች።
"በይ፣ ጌታሽ ሲጠይቅሽ አትዋሺ። ምድጃውስ?"
"እሱማ ቁርጥ አንተን! ሲያዩት ያምራል፣ ሥራ ሲሉት ይወድቃል።"

ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። ክንዷ እስከ ክርኗ ተልጧል። ገንፎ ስታማስል ምድጃው ተገልብጦባት... ሌሎቹ ያንን አይተው ወደ ሦስቱ ድንጋይ፣ ወደ ጉልቻቸው ተመለሱ።
"ታዲያ ሰኞ ለምን አልነገርሽንም?"
"ያቺ ልጅ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ አስከፍቼ ልሸኛት? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ?"

የካቲት 8
ብነግራት ልቧ ይሰበራል። ባልነግራት የስንት ሴት ክንድ... ፈሪ ነኝ።

የካቲት 9
ነገርኳት።
"ዋሹኝ?"
"አከበሩሽ።"
"እንዳያከብሩኝ ታዲያ ምን ላድርግ?"

የካቲት 12
ጎዲን። ለታላቶ "ይቺ እህቴ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳሞ ናት" አልኳት። አላመነችም። "ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ ናቸው" ብላ ወንበር አቀረበችላት።

ሱሚትራ አልተቀመጠችም። መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን በሞሲኛ ወረወረችው፦ "ሞሲ ገንፎ መሥራት አይችልም አሉ!"

ደነገጥኩ... አበዛነው ይሆን? ከዚያ ታላቶ በሳቅ ፈረሰች። "አንቺ ባለጌ! ነይ፣ ነይ ራስሽ አማስይ!"

ድስቱን የሱሚትራ ምድጃ ላይ ጥዳ ማማሰያውን አስጨበጠቻት። ገንፎው ጠጠር ሲል ሱሚትራ ጉልበቷን ጣል አደረገች፤ ምድጃው ዘመመ። ታላቶ ስባ አወጣቻት። ገንፎው መሬት ላይ። ማንም "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" አላላትም። ታላቶ ሻርፑን ጥላ ክንዷን አሳየቻት።

ሱሚትራ አጠገቧ ቁጭ ብላ ክንዱን ያዘች። አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለዴንማርኮቹ ደወለች። ቃሏ አጭር ነበር።

"ምን አለች?" ታላቶ ጠየቀችኝ።
"እንዳይጸድቅ። እንደገና ልሥራው።"
"የሁለት ዓመት ልፋቷን?"
"አዎ።"

ታላቶ ተነሥታ ሌላ ድስት ድንጋዩ ላይ ጣደች።
"ንገራት። ሰነፍ ናት፣ ገንፎዬን ደፍታብኛለች። ሳትበላ ንቅንቅ የለም። አዲሱንም ስትሠራ እኔ ቤት ነው የምትሠራው።"