ከማሲንቆው ጎን ሁለት ድምፅ ያላት ጊታር

ሐሙስ

ጓደኛዬ ናሆም ጊታሩን ሰጠኝ! ማለቴ አዋሰኝ፤ እስከ ሰኞ ብቻ። ልጅ ከወለደ ወዲህ አልነካትም። አቧራዋን በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩላት።

ይቺ ጊታር ሁለት ጊታር ናት። ሆዷ ክፍት ስለሆነ ያለ ኤሌክትሪክ ገመድ ስመታት እንደማንኛውም የእንጨት ጊታር ታንጎራጉራለች። ድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር ላይ ስሰካት ደግሞ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለቻት፤ ወደ ላይ የእንጨቱ ድምፅ፣ ወደ ታች ኤሌክትሪኩ፣ መሀል ላይ ሁለቱም አብረው። ማን እንዳሰበው እግዜር ይወቅ፣ እጁ ይባረክ።

ለምን እንደተዋስኩ ልጻፈው። እስካሁን በየሰርጉ ሁለት ጊታር ይዤ ነው የምሄደው። ትዝታውን በእንጨቱ እጀምራለሁ፤ ጭፈራው ሲመጣ እሱን አውርጄ ኤሌክትሪኩን እስካነሳ ዘፈኑ ይቀዘቅዛል፣ ሊጨፍር የተነሳው ሰው ይቀመጣል። ኤሌክትሪኩ ሲገባ ደግሞ ማሲንቆው ይሰጥማል። ማሲንቆ መቺያችንና የቡድኑ መሪ ጋሽ አበራ ባለፈው ተቆጥተዋል። እሁድ ደምበል አካባቢ ባለን መልስ ላይ ማሲንቆዬ ዳግመኛ ከተዋጠ፣ ከዚያ ወዲያ በከበሮና በማሲንቆ ብቻ እንሠራለን አሉ። ለእኔ ውጪ ማለት ነው። ፈርቻለሁ። ሙዚቃ ማለት ለእኔ እሳቸው አጠገብ መቀመጥ ነው።

ማታ ገመድ ሳልሰካ ተጫወትኩ። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ፣ ሁሌ ግድግዳ የሚደበድቡት፣ ዛሬ በር ላይ አግኝተውኝ ሬዲዮሽ ጥሩ ዘፈን ይዟል አሉኝ። አላረምኳቸውም።

ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

የእንጨቷን ድምፅ በጣም ስለወደድኩት፣ የበለጠ ትጣፍጥልኝ ብዬ ጠዋት ክሯን ቀየርኩ። ለእንጨት ጊታር የሚሆነውን፣ ቢጫውን የነሐስ ክር አሰርኩላት። ቤት ውስጥ ማር ሆነች። በራሴ ኮራሁ።

የድሮው የካዛንቺስ መለማመጃችን ከፈረሰ ወዲህ ባምቢስ አካባቢ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ነው የምንለማመደው። ትዝታው በሰላም ሄደ። ጭፈራው ሲመጣ ማብሪያዋን ወደ ታች አደረግኩ፣ ሙሉ ድምፅ የለም። ቀጫጭኖቹ ክሮች ይጮኻሉ፣ ወፋፍራሞቹ እንደታመመ ሰው ያቃስታሉ። ከበሮ መቺው ሀብታሙ ሳቁን መዋጥ አቃተው። ጋሽ አበራ፣ ይሄን ያህል ዝም የምትል ከሆነማ ተስማምተናል አሉና ማሲንቋቸውን ጠቅልለው ወጡ። በቀልድ ነው የተናገሩት። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ

ናሆም ጋ ደወልኩ። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ እሱ እየሳቀ፣ “ነሐስ አስረሽ ነው? ማግኔቱ እኮ ነሐስ አይሰማም፤ ብረት ነው የሚሰማው” አለኝ። የኤሌክትሪኩን ድምፅ የሚያነሳው ማግኔት ነው ለካ። ያንዷን ጉሮሮ ላሳምር ብዬ የሌላዋን ዘግቻለሁ።

ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነጩን የብረት ክር አገኘሁ። አሰርኩ፣ ቃኘሁ፣ ሰካሁ። ሁለቱም ድምፆች ተመለሱ። የእንጨቱ እንደ ትናንቱ ማር አይደለም፤ ትንሽ ደረቅ ብሏል። ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ሲገጥም አያኮርፍም። በደስታ ሳምኳት፣ ማንም አላየኝም።

እሁድ

ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ አበራ ትዝታውን ጀመሩ፣ እኔ ከስር በእንጨቱ ድምፅ ገባሁ። ሀብታሙ ከበሮውን ወደ ጭፈራው ሲያዞረው ማብሪያዋን ወደ ታች ላወርድ ነበር። ጆሮዬ ማሲንቆው ላይ ስለነበር ጣቴ መሀል ላይ ቆመ። እንጨቱ ምቱን ያዘ፣ ኤሌክትሪኩ በስሱ ተከተለ፤ በመሀላቸው ለማሲንቆው ሰፊ ቦታ ተረፈ። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ጊታር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዘፈኑ አልተቋረጠም። የሙሽራዋ አጎት ከነሳህኑ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። ጋሽ አበራ ዞረው አዩኝ። ቀንሺ ሊሉኝ ነው ብዬ እጄን ወደ አምፕሊፋየሩ ስሰድ፣ ተይው በሚል በአገጫቸው ከለከሉኝ። ከዚያ ማሲንቆውን እንዳዲስ ያዙት፤ እንዲያ ሲመቱ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዕቃ ስንሰበስብ አጠገቤ ቆመው “ዛሬ የራሴን ማሲንቆ ሰማሁት” አሉ። ጊታሯ የሰው መሆኗን፣ ነገ እንደምመልሳት ነገርኳቸው። “እህ” ብለው ታክሲያቸውን ፍለጋ ሄዱ። እህ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰኞ

መለስኳት። ናሆም ማብሪያዋን እንዴት እንዳደረግኳት ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ አፍጥጦ ሰማኝ። ባዶ እጄን ደረጃውን ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አበራ ደወሉ። ረቡዕ ልምምድ አለ አሉኝ። ጊታሯ የለችም እኮ አልኳቸው፤ በምኔ ልምጣ?

“በየትኛውም ነይ። ትናንት እኔን እየሰማሽ ነበር የምትመቺው። እንደዚያ ምቺ፣ ሌላ አልፈልግም።”

ያንን በአሮጌው ኤሌክትሪክ ጊታሬ እችለው እንደሆነ አላውቅም፤ በተዋስኳት ጊታር ነው የገባኝ። አሁን ከቦርሳው አውጥቼው እየቃኘሁት ነው።