የቨርነን ማክሰኞ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ብርዱ ከገባ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያቺ አመለኛ ፈረስሽ ዛሬም አጥር ትሰብራለች ወይስ አደብ ገዛች? እኛ በሕይወት አለን። ቨርነንም ደህና ነው፤ ደህና ነው ስልሽ እንደ ድሮው ለወግ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው። ይህን የምጽፍልሽ የገና ኬክሽን ሳትጋግሪ እንዲደርስሽ ብዬ በጥድፊያ ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ስልክ ብደውል ገና አፌን ሳልከፍት መምከር ትጀምሪያለሽ፤ በደብዳቤ ግን ቢያንስ አታቋርጪኝም።

ለፋሲካ ስትመጪ ቨርነን ገበታ ላይ ውሃ ሲጠጣ አይተሽ ዓይንሽን ማመን አቅቶሽ ነበር። ማድ ቤት ተከትለሽኝ ገብተሽ «አንቺ ሴት፣ እንዴት አድርገሽ ነው መጠጥ ያስተውሽው?» ብለሽ እጄን ጨበጥሽኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምስጋናውንም ዋጥ አደረግሁት። እውነቱን ልንገርሽ? ያስተውኩት እኔ አይደለሁም። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስንት ዓመት እንደተሸከምኩት አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ ቢሮ ሶፋ ላይ ተዘርሮ ሳለ የእሱን መዝገብ አንስቼ የፍርድ ቤቱን ደረጃ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ዳኛው ፊት ቆሜ «የትዳር ጓደኛዬን ሆዱን አሞት ነው» እላለሁ። ውሎ አድሮ በአውራጃችን ጠበቆች ዘንድ ቀልድ ሆነና በኮሪደሩ ሳልፍ «ዛሬም የቨርነን ሆድ ተነሳበት?» ይሉኝ ነበር። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ልብሱን በረንዳ ላይ ወረወርኩ። ምን ያልሆንኩት አለ? ከፋሲካ በፊት በብርዱ ወራት ግን ችሎት ፊት ቆሞ የገዛ ደንበኛው ስም ጠፋበት። አቤቱታው ለጠበቆች ማኅበር ደረሰ፤ ፈቃዱን ይነጥቁታል ብለን አንገታችንን ደፍተን ስንጠብቅ አንድ ቀን ከማላውቀው ቦታ መጣና በቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። «በቃኝ» አለ። በምን ተአምር? በማን? ብዬ ብጠይቀው «ልነግርሽ አልችልም፤ ምስጢሩ የእኔ ብቻ አይደለም» አለኝ።

የእኔ ብቻ አይደለም! እስቲ አንቺ ብትሆኚ እንቅልፍ ይወስድሻል?

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቀትር ሳይሆን ወደ ጎረቤት አውራጃ መንዳት ነው። ስልኩ ሲጮህ የደወለውን ያይና በረንዳ ይወጣል። ደግሞ ይስቃል! በእሱና በእኔ መካከል ሳቅ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ እዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ግን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አንድ ቀን ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ስሟን ሰማሁ። ሎሬታ።

ሎሬታ ቢክነል። አንቺ አታውቂያትም። የጎረቤት አውራጃ ጠበቃ ናት፤ ረጅም፣ ሽበቷን እንደ ወንድ የተከረከመች፣ ችሎት በቡት ጫማ የምትገባ። ስለ አንድ ደንበኛዬ የትንባሆ እርሻ አጥር ተከራክረን ያሸነፈችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር በሰው ፊት «የአጥሯ እመቤት፣ እንዴት ነሽ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ሲባል እሰማ ነበር። መጀመሪያ የደንበኛዬን አጥር ወሰደች፤ ቀጥላ ደግሞ የእኔን መነቅነቅ ጀመረች አልኩ።

እህቴ ነሽና አትፍረጂብኝ፤ አንጀቴን ያሳረረው አብራው ተኛች ብዬ መጠርጠሬ አልነበረም። ያሳረረኝ በእሷ እጅ መዳኑ ነው። እሷ ዘንድ ሄዶ ሰክሮ ቢመጣ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። እኔ ዓመታት ሙሉ አልቅሼ ያላገኘሁትን እሷ በጥቂት ማክሰኞ አገኘችው። የእኔ እንባ ምን ጎደለው? በጎኑ ተኝቶ በሰላም ሲተነፍስ እየሰማሁ፣ ይህ ትንፋሽ እንኳ የእሷ ስጦታ ነው እያልኩ እቃጠል ነበር። ባሌ በመዳኑ ቀናሁ እታለሜ። እንዲህ ያለ ቅናት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

በዚያ ላይ ጠርሙሱን ሁሉ ሲደፋ የእኔንም ማታ ማታ የምጎነጫትን አብሮ ደፋት። እኔ እንደ እሱ አይደለሁም፤ የሁለት ሰው ሥራ ሠርቼ ስገባ ትከሻዬን የምታላላልኝ አንዲት ብርጭቆ ናት። አንድም ቀን ቀጠሮ አምልጦኝ አያውቅም፤ ይህን ዳኛ ሁሉ ይመሰክርልኛል። እንግዲህ ለእሱ ክብር ብዬ ሌላ ጠርሙስ ገዝቼ ወደ ቢሮ ወሰድኩና የመሬት ውሎች ከሚቀመጡበት መሳቢያ ጀርባ አኖርኳት። አየሽ ፍርዱን? ወድቆ የተነሣው ይጨበጨብለታል፤ ያልወደቅሁት እኔ በገዛ ቢሮዬ እንደ ሌባ እደበቃለሁ።

መቼም ጠበቃ ነኝና ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። የመኪናውን ኪሎ ሜትር አነበብኩ፤ የቤንዚን ማደያውን ሰውዬ እንደ ምስክር አፋጠጥኩት፤ ከራባቱ ላይ የፓይ ኬክ ፍርፋሪ አግኝቼ በፖስታ አሸግሁ። ሳቂ፣ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነው የምትሄደው አልኩት። ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባቱን ቀጠለ። ሰው አለህ ወይ አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ እንጂ አልመለሰልኝም።

እኔ እኮ ከተመረቅሁ ጀምሮ ለደንበኞቼ የምመክረው አንድ ምክር ነው። ፖሊስ ሲጠይቅህ አትመልስ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ዝምታ ጥፋተኛ አያሰኝም እላቸዋለሁ። ለሌባውም ለቀማኛውም በዚህ ተሟግቻለሁ። የባሌን ዝምታ ግን ቁርሱን ሳይጨርስ ፈረድኩበት።

የፍቺውን አቤቱታ ራሴ ጻፍኩት። እንደዚያ ያማረ ነገር በሙያ ዘመኔ ጽፌ አላውቅም፤ ቢሮዬን ዘግቼ፣ ብርጭቆዬን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለራሴ አነበብኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆንኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ፊታቸው ላይ ልወረውረው ተከተልኩት።

ጎረቤት አውራጃ ያለችው ከተማ ሲደርስ ከአንድ የከብት መኖ መደብር ጀርባ መኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁ። እሱ ከመኪናው ወርዶ አንድ በር ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይታ ሎሬታ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። በሩን ከፈተላት፤ እሷም ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ተያይዘው የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገቡ። ደግሞ ከእግዚአብሔር ቤት ሥር! ደሜ ፈላ። ድፍረት እንዲሆነኝ ከመኪናው ኪስ ካለችው ትንሽ ጠርሙስ አንዴ ጎንጨት አልኩ፤ አልበቃ ሲለኝ አንዴ ደገምኩ። የሚንት ከረሜላ አፌ ውስጥ ጣል አድርጌ ወረቀቴን ይዤ ወረድኩ።

በሩን በርግጄ ስገባ ሁለት ሰው ጠብቄ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው አገኘሁ። በሚታጠፍ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ግማሹን አውቃቸዋለሁ እኮ! ሁሉም የሕግ ሰዎች ናቸው። ስንት ጊዜ ያናደደኝ ዐቃቤ ሕግ አለ። አምና የጥብቅና ቃለ መሐላ የፈጸመች ልጅ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። ያ ስለ ቨርነን ሆድ ስዋሸው የኖርኩት፣ አሁን ጡረታ የወጣው ዳኛ ፕሩይትም አለ። ሎሬታ ጥግ ላይ ፓይ ትቆርሳለች። ቨርነን ሲያየኝ ፊቱ ነጣ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ያለኝ የለም። «የቨርነን ሚስት አይደለችም እንዴ?» ያለም የለም። ዳኛው ቀስ ብሎ ተነሣና «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ወንበር አለ፤ ቡናው አይረባም፣ ትኩስነቱን ግን አይከለክልሽም» አለኝ። ገባሽ? መጠጥ ለመተው የሚደጋገፉ የሕግ ሰዎች ስብሰባ ነው ለካ፤ እኔም ከእነሱ እንደ አንዷ ሆኜ የመጣሁ መስሏቸዋል! እኔ የመጣሁት እናንተን ፈልጌ አይደለም፣ ሌባዬን ልይዝ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሎሬታ ቀደመችኝና የፓይ ሳህን በእጄ አስጨበጠችኝ። አቤቱታዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳህኑን በላዩ ከማኖር ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቨርነንን አየሁት። አንዲት ቃል ብቻ፣ «ሚስቴ ናት፣ ተሳስታ ነው የገባችው» ቢል በነፃ እወጣ ነበር። እዚያ ደንቡ ስለ ሌላው ሰው መናገር አይቻልም ነው ለካ። ወለሉን እያየ ዝም አለ። በዚያች ደቂቃ እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም።

ከዚያ ዳኛ ፕሩይት ስለ ራሱ ተናገረ። የተናገረውን እንድነግርሽ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ አደባባይም የሚናገረው ነገር ነው። አንድም ቀን ከችሎት ቀርቶ አያውቅም ነበር። ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከሕግ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። ወንድሙ የለየለት ሰካራም ስለነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ወንድሙን ሲያይ እሱን ያየው ሰው አልነበረም። «ከወደቀ ሰው አጠገብ ስትቆም ረጅም ትመስላለህ» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አፌ ውስጥ ያለችው ከረሜላ መረረችኝ።

ተራው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። የራስን ስም ብቻ ነው የሚሉት፣ የአባት አይነገርም። ሳህኑን ወለል ላይ አስቀምጬ ተናገርኩ። ምን አልሽ ብትዪኝ፣ እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል፤ ሆድ ይፍጀው። አትቀየሚኝ። «የእኔ ብቻ አይደለም» የሚለው ነገር ከአፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚከብድ አሁን ገብቶኛል።

ስንወጣ ሎሬታ መኪናዬ ድረስ ተከተለችኝና መዳፏን ዘረጋች። የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኋት። ቨርነን ከኋላ እየተከተለን ቤቴ ድረስ እሷ ነዳች። መንገዱን ሙሉ የተናገረችው ስለዚያ የአጥር ክርክር ብቻ ነው፤ «እንደምሸነፍ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ያን ቀን ጠዋት ሁለት ጊዜ አስታውኬ ነው ችሎት የገባሁት» አለችኝ። እኔ ያኔ ስታየኝ የናቀችኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትዪኝ አልዋሽሽም፣ አልለቀቀኝም። ባሌን መሳቅ ያስተማረችው እሷ ናት፣ ይህ እስክሞት አይዋጥልኝም። ለእኔ የማይነግረውን ለዚያ ሁሉ ጠበቃ ይነግራል። ግን ሎሬታ አሁን ጠዋት ጠዋት ለእኔም ትደውልልኛለች። ስልኬን ይዤ በረንዳ እወጣለሁ። ትናንት ስገባ ቨርነን መጋረጃው አጠገብ ቆሞ «ምን ብላሽ ነው እንዲህ የሳቅሽው?» አለኝ፤ ፊቱ ጥቁር ብሏል። «ልነግርህ አልችልም» አልኩት። እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ደስ አለኝ!

አቤቱታውን አልቀደድኩትም፤ ያማረ ጽሑፍ ነውና አሳዘነኝ። ከመሬት ውሎቹ መሳቢያ ጀርባ አስቀመጥኩት፤ ቦታው እንደሆነ ጠርሙሷ ከወጣች ወዲህ ባዶውን ነበር።

እንግዲህ ወደ ኬኩ ልምጣ። ሁልጊዜ በዚህ ወቅት ጋግረሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እስከ ገና ውስኪ ስታጠጪው እንደምትከርሚ አውቃለሁ። ዘንድሮ ተይው እታለሜ። ያን የፖም ኬክ፣ እናታችን ስንታመም የምትጋግርልንን፣ እሱን አድርጊልኝ። በውስኪ የተነከረ የቼሪ ፍሬ ያለበትን ማሰሮም አትላኪ። ቨርነን በበኩሉ ምንም አይለኝም ብሏል፤ ኬክሽ አጠገብ ሙሉ ቀን ቢቀመጥ እጁን እንደማይዘረጋ ነግሮኛል፣ እኔም አምነዋለሁ። የምለምንሽ ለእሱ ብዬ አይደለም። ልጆቹ ከጠየቁሽ አክስታችሁ ፖም አማራት በያቸው።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ለፈረስሽም ልቡና ይስጥልኝ። ጎተራሽ ሙሉ፣ ደጅሽ ሰላም ይሁን፤ ለገና በጤና ያገናኘን። ስልክ መደወልሽ ካልቀረ ደግሞ ማክሰኞ ቀትር ላይ አትድከሚ፤ ሁለታችንም ቤት አንገኝም።

አንቺን የምትወድ
ታናሽሽ