ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ሰኞ፣ ኅዳር 23። ጠዋት 1 ሰዓት
ታብሌቶቹን ሰክቻለሁ። ረፋድ ላይ መብራት ስለሚጠፋ በማለዳ ካልሆነ አይሞሉም። የት/ቤቱ ጽዳት ነኝ፤ የታብሌቶቹ ሳጥን ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። ቁ. 17ን ነቅዬ መጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል ይዤው ገባሁ። እዚያ ሶኬት የለም። በሩን ዘጋሁ። ልጄን ሀዊን አዳመጥኳት። ስድስት ጊዜ። ወይ ሰባት።

ደብተሬ፣ አንተም የሷ ነበርክ። ለአማርኛ ብላ ለብዳህ ስሟን ጻፈችብህ። ውስጥህ ባዶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24
ቀስ ብዬ ልጻፈው። በአንድ ታብሌት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ አንድ መስመር ታነባለች፣ ሌላዋ ቀጣዩን። ታብሌቱ ድምፃቸውን ይይዛል። መልሰው ይሰሙታል፣ የሳቱትን ያገኛሉ፣ ከዚያ ይጽፉታል። ሀዊ ከጫልቱ ጋር በቁ. 17 ነበረች። ስለ ጠፋች ዶሮ ነው ያነበቡት። መሐል ላይ ሀዊ ትስቃለች። ጫልቱ፦ «ሳቅሽን ተይ፣ እየቀዳ ነው!» ያኔ ይብስባታል።

ከዚያ በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። ሦስት ቀን። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ቁ. 17 ሥራ ላይ አልዋለም። መ/ርት ጽጌ ዛሬ እንዳለችው ግን ነገ ጫልቱ ከሌላ ልጅ ጋር ትጀምራለች። ወለሉን እየወለወልኩ፣ የድሮው ንባብስ ምን ይሆናል አልኳት። አዲሱ ሲቀዳ በድሮው ላይ ነው የሚያርፈው፣ የድሮው ይጠፋል አለች። ሌላ አልጠየቅኩም። ጨርቁን ጨመቅኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25
ቁ. 17 ሳይጀምሩበት ጠፋ። ባትሪው አልቆ። ጠዋት ጠዋት እኔ ስለማዳምጥበት ነው። አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ያውቃል።

ጫልቱ በእረፍት መጣች። «አዴ፣ ቁጥር 17 እንደ አያቴ ሆኗል። ስብከት ሲጀመር ይተኛል!» ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው ሳቄን ፈራሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 27
ዛሬ አውቄ ነው። ሌሎቹን ሰካሁ፣ ቁ. 17ን ተውኩት። ትናንትም። ለማን እናገራለሁ? ጎረቤት መምጣት ቀንሷል። እኔም አልሄድም። ብናገር ቁልፉን ይቀበሉኛል።

መ/ርት ጽጌ ተበላሽቷል ብላ ጻፈችበት። የጫልቱን አዲስ ጓደኛ ወደ ሌላ ታብሌት ወሰደቻት። ጫልቱ ብቻዋን ቀረች።

ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1። ከሰዓት
ጫልቱን ከደካሞቹ ጋር አስቀመጧት። ልጆቹ «የዳዴዎች ክፍል» ይሉታል። «ጫልቱ ዳዴ! ጫልቱ ዳዴ!» እያሉ እስከ በር ተከተሏት።

እኔ ደጃፍ መጥታ ተቀመጠች። የዶሮዋን ንባብ በወረቀት ይዛለች። ጣቷን አሳርፋ አንደኛውን መስመር አነበበች። ቆመች። 
ቀጥይ እንጂ አልኳት።
«ይሄ የሀዊ ነው» አለች።

እጄ ላይ ያለው ባልዲ ከበደኝ። አስቀመጥኩት። ከዚያ ስለ ንባቧ ታወራ ጀመር። የቃላቱን መጨረሻ ትውጣለች አሉ። ድምጿን መልሳ ሳትሰማ የት እንደምትውጥ አታውቅም። ታብሌቱ መቼ ይድናል ብላ ጠየቀችኝ። እኔን!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2
ሰካሁት። አልከፈትኩትም። መቶ እስኪሞላ አጠገቡ ቆምኩ።

ከዚያ ለመ/ርት ጽጌ ነገርኳት። ሁሉንም፣ የዓርቡንም። መነጽሯን አወለቀች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ አለች። ስልኳን አውጥታ ከታብሌቱ አፍ አስጠግታ ቀዳችልኝ። የኔ ስልክ እንዲህ አይችልም። የት/ቤቱ ደወል መሐል ገባበት። ሀዊ ከሩቅ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የምትናገር ትመስላለች። ሳቋ ግን አለ።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። መልሳ አንገቴ ላይ አደረገችው።

ኀሙስ፣ ታኅሣሥ 3። ማታ 1 ሰዓት
ቁ. 17 ቀኑን ሙሉ ሠራ። ጫልቱ ግን መቅጃውን አልጫንም አለች። ብቻዋን፣ ከዚያ ደግሞ ከሌላ ልጅ ጋር፣ እምቢ። መ/ርት ጽጌ ብትለምናት፣ የሀዊን መስመር የሀዊ እናት ካላነበበች አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ በመስኮት አየኝ። እኔ መስታወት እየወለወልኩ።

ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አልኳቸው። ስታነቢ ከሳትሽ አርምሻለሁ አለችኝ ጫልቱ። እንደ አስተማሪ።

እሺ ብያለሁ። ነገ 3 ሰዓት። መቅጃውን የምጫነው ግን እኔ ነኝ፤ የሀዊ ድምፅ በልጅ እጅ እንዲጠፋ አልፈልግም። መስመሩን ሳላይ አውቀዋለሁ፤ ከፊደሉ ጋር ላመሳክረው። አንዴ እዚህ ልጻፈው፦
«ጥቁሯ ዶሮ በአጥሩ ስር...» እዚህ ላይ ነው ሀዊ የምትስቀው።