የባንኩን ታሪክ ለሚያጽፉት ሊቀ መንበር፣ ከሎይድ ፕሩዊት ባለቤት

ለተከበሩ ሚስተር ፕሬስኮት ቫን አልስት፣
የቀድሞው የክሮስቢና ታልማን ኢንቨስትመንት ባንክ ሊቀ መንበር
ኒው ዮርክ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ባለቤትዎም ጀልባዎም ደህና መሆናቸውን በመስማቴ የተሰማኝን ደስታ በትሕትና እገልጻለሁ። የባንኩን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ስለሆነ የቀድሞ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ትዝታቸውን እንዲልኩ ባሳሰቡት መሠረት፣ የሟች ባለቤቴን የሎይድን ድርሻ እነሆ።

አንደኛ፦ መሥራቾቹ ክሮስቢና ታልማን የባቡር ሐዲድ ቦንድ የሚሸጡ አማቾች ነበሩ፤ ባንኩ ቢከስር የገዛ ቤታቸው እንደሚሸጥ ስለሚያውቁ እንቅልፍ አልነበራቸውም ይባላል። እርስዎ ባንኩን ወደ አክሲዮን ማኅበር ለውጠው ያን ጭንቀት ከባለቤቶቹ ትከሻ በማንሣት ለሠራተኛው ስላከፋፈሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ ባንኩ ሊከስር ነው የሚለው ወሬ በበረታበት ሰሞን ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ሳለ ሎይድ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ጓደኞቼ አክሲዮናችንን እንሽጥ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?» ቢልዎ፣ «ሎይድ፣ አንተ የዚህ ቤት ሰው ነህ። አርፋችሁ ተቀመጡ በላቸው» አሉት። በየጠረጴዛው እየዞረ ነገራቸው፤ ሎይድ ዋሽቶ ስለማያውቅ አመኑት። ማታ ቤት ሲገባ ቁመቱ የጨመረ ይመስል ነበር። እርስዎ በዚያው ሳምንት የራስዎን አክሲዮን መሸጥዎን በኋላ ከፍርድ ቤት ሰማን፤ ጥፋት ስላልተገኘብዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፦ ባንኩ ሲዘጋ ሠራተኛው እርስዎን ማግኘት ስላልቻለ ሎይድን አገኘ። አጠገቡ ይሠራ የነበረው ዴኒስ ሙልቫኒ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ተቀመጥ ብንለው እምቢ ብሎ፣ «ሎይድ፣ እንድታሞኘን ስንት ሰጡህ?» አለው። ከዚያ ወዲያ ባሌ የድሮ ባልደረባ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገር ጀመር፤ ቆይቶም ከቤት መውጣት ተወ። ባለፈው የካቲት ስንቀብረው ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልመጣም። የእርስዎ አበባ ግን ደርሶናል፤ ካርዱ «ለሎረንስ ቤተሰብ» ይላል።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ከመላክ ይልቅ በጋዜጣ የማወጣው የሚመለስልኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ዴኒስ እንዲያነበው ነበር፤ የት እንዳለ፣ በሕይወት መኖሩንም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመጽሐፍዎ መልካም ገበያን ከልብ በመመኘት፣ ለሰጡን ሁሉ ውለታዎን መመለስ የማይቻላት
ዊልማ ፕሩዊት
ስታተን አይላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጽሐፉ ምረቃ እራት የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። ጥቁር ልብስ ግዴታ ነው ይላል። አያስቡ፤ እስካሁን አላወለቅሁም።